ትልቋን የጎተተ ትንሽ

እኛ የአሰላ ተማሪዎች ባሕር የምናውቀው በመጽሐፍ ነው። መጎተትን ግን እናውቃለን፤ በክረምት ጭቃ የዋጠውን መኪና ሰፈርተኛው ተባብሮ በገመድ ሲያወጣ ያላየ ማን አለ?

የካቲት 19 ቀን 2004 ዓ.ም. «ኮስታ አሌግራ» የተባለች የኢጣልያ መዝናኛ መርከብ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የጄኔሬተር ክፍሏ ተቃጠለ። እሳቱ ጠፋ፤ ሞተሩም መብራቱም ግን ቀጥ አለ። ከ1,000 በላይ ሰው ከነምቾቱ ጨለማ ውስጥ ቀረ፤ መጸዳጃው እንኳ አልሠራም።

ማን ደረሰላቸው? «ትሬቪኞን» የተባለች የፈረንሳይ ዓሣ አጥማጅ መርከብ! ገመድ አስራ ጎተተቻት፤ የካቲት 22 ቀን ሲሸልስ፣ ማሄ ደሴት ደረሱ። የሞተ ሰው አልነበረም።

ጓደኞቻችን፣ ታሪክ የተጎታቿን ስም በትልቁ ይጽፋል። እኛስ የጎታቿን ለምን እንርሳ?