የሚቀባ መድኃኒት ታሪክ፦ ከጋሌን ሰም እስከ ቪክስ

ልጅ ጉንፋን ሲይዘው በብዙ ቤት መጀመሪያ የሚፈለገው ቪክስ ነው። አሁን አሁን ደግሞ ሰምና ዘይት አቅልጠው፣ የባሕር ዛፍ ዘይት ጨምረው ቅባት ቤታቸው የሚያዘጋጁ ወላጆች አሉ። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» ይባላል። እውነት ነው? ታሪኩን እንየው።

🔹 ጋሌን እና የንብ ሰም

በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የጴርጋሞን ተወላጅ ሐኪም ጋሌን የንብ ሰም፣ የወይራ ዘይትና የጽጌረዳ ውኃ አዋሕዶ የሚሠራ ቅባት በስሙ ይጠራል። ሰም በ62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል። ሲቀዘቅዝ በዓይን የማይታዩ ክሪስታሎች ይሠራና ዘይቱን እንደ መረብ ይይዘዋል። ቅባቱ ቆዳ ላይ ሲደረግ ውኃው ስለሚተን ያቀዘቅዛል።

ችግሩ አለመቆየቱ ነበር። ሰም ዘይትን በደንብ ይይዛል፤ ውኃን ግን አጥብቆ አይይዝም። ስለዚህ ውኃው ይለያል፣ ዘይቱም ይበላሻል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቦራክስ የተባለ ኬሚካል ተጨምሮበት ውኃውና ዘይቱ ሳይለያዩ መቆየት ቻሉ።

🔹 ቫዝሊን መጣ

እ.ኤ.አ. በ1872 አሜሪካዊው ሮበርት ቼዝብሮ ከነዳጅ የሚገኘውን ቫዝሊን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ቫዝሊን እንደ ምግብ ዘይት ወይም ቅቤ አይሻግትም። ለመድኃኒት ቀማሚዎች ትልቅ እፎይታ ነበር።

🔹 ቪክስ ለማን ተሠራ?

በ1890ዎቹ በኖርዝ ካሮላይና የነበረው ፋርማሲስት ሉንስፎርድ ሪቻርድሰን ሜንቶል፣ ካምፎርና የባሕር ዛፍ ዘይት በቫዝሊን መሰል ቅባት ውስጥ አዋሐደ። የመጀመሪያ ስሙ ክሩፕን የሚጠቅስ ነበር፤ ክሩፕ የትንንሽ ልጆችን የመተንፈሻ ቧንቧ የሚያሳብጥ በሽታ ነው። በ1918 የኅዳር በሽታ ዓለምን ሲያዳርስ ሽያጩ በእጅጉ ጨመረ።

የሚገርመው፣ ለልጆች ታስቦ የተሠራው ይህ ቅባት ዛሬ ማሸጊያው ላይ ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት እንዳይደረግ ተጽፎበታል።

🔹 ለምን?

ሜንቶል የተዘጋ አፍንጫ አይከፍትም። የቅዝቃዜ ነርቮችን ስለሚቀሰቅስ የተከፈተ ይመስለናል እንጂ። የሕፃናት የአየር ቧንቧ ደግሞ ጠባብ ነው፤ ቅባቱ አክታ ሊያበዛና አተነፋፈሳቸውን ሊያከብድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካውያን ሐኪሞች ከአፍንጫዋ ሥር ተቀብቶላት መተንፈስ የተቸገረችን የ18 ወር ሕፃን ታሪክ አሳትመዋል።

ከሁሉ የከፋው መዋጡ ነው። 20% ካምፎር ያለው ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያው 1 ግራም ያህል ካምፎር ይይዛል፤ ይህ ሕፃን ሊገድል ይችላል። አሜሪካ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ይህን ዘይት ከገበያ ያወጣችውና በሌሎች ምርቶች ላይ የ11% ጣሪያ የጣለችው ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ በግምት ሲቀመም ግን ይህን መጠን የሚለካ የለም። ካምፎርም ሆነ የባሕር ዛፍ ዘይት የሚገኙት ከዛፍ ነው፤ ተፈጥሯዊ መሆናቸው ግን መርዝ ከመሆን አላዳናቸውም።

✅ ወላጆች ሆይ፣ እነዚህን ያስታውሱ

• ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ካምፎር፣ ሜንቶል ወይም የባሕር ዛፍ ዘይት ያለበት ቅባት አይቀቡ።
• ከ2 ዓመት በላይም ቢሆን ደረትና አንገት ላይ ብቻ ይቀቡ። አፍንጫ ውስጥ፣ አፍ አካባቢና ቁስል ላይ በፍጹም።
• አሙቀው አይጠቀሙ። ልጅ በማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡ።
• ልጅ ከዋጠ አያስታውኩት። ካምፎር በደቂቃዎች ውስጥ ሊያንቀጠቅጥ ስለሚችል ዕቃውን ይዘው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።
• ለሕፃን ጉንፋን ጡት ደጋግሞ ማጥባትና ለአፍንጫ የሚሆን የጨው ውኃ ጠብታ ይበቃል።
• ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መጥባት ካቃተው ሳይዘገዩ ሐኪም ጋ ይውሰዱት።

ለሌሎች ወላጆችም ያካፍሉ።