ቅንጅት ለምን ተሰነጠቀ? የ1997ቱ ማዕበል እና የማህተሙ ጉዳይ

ብዙዎቻችሁ በ1997 ወይ አልተወለዳችሁም፣ ወይ ገና ሕፃን ነበራችሁ። «ቅንጅት» የሚለውን ስም ግን ከቤተሰብ ወሬ ሳትሰሙ አላደጋችሁም። ሁለት ጣት የማሳየት ነገርም የመጣው ከዚያ ዘመን ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ የወጣለት ስብስብ እንዴት በሦስት ዓመት ውስጥ ተበታተነ? በአጭሩ እንየው። (ቀኖቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ ቅንጅት ምን ነበር?

«ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ» አንድ ፓርቲ አልነበረም። አራት ፓርቲዎች ለ1997 ምርጫ የፈጠሩት ስብስብ ነው፦

1. መኢአድ (ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል)
2. ኢዴፓ-መድኅን (ዶ/ር አድማሱ ገበየሁና አቶ ልደቱ አያሌው)
3. ቀስተ ደመና (ዶ/ር ብርሃኑ ነጋ፣ ፕ/ር መስፍን ወልደማርያም፣ ብርቱካን ሚደቅሳ)
4. የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግ

አራቱ የየራሳቸው ደንብ፣ የየራሳቸው አመራር፣ የየራሳቸው ማህተም ነበራቸው። ይቺን ነጥብ ያዟት፣ በኋላ ትመጣለች።

▪️ ድሉ በቁጥር

ሚያዝያ 30 ቀን 1997 መስቀል አደባባይ በሰው ተጥለቀለቀ። ከሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 7፣ ምርጫው ተካሄደ። በውጤቱ መሠረት ቅንጅት በአዲስ አበባ የነበሩትን 23 የፓርላማ ወንበሮች ጠራርጎ ወሰደ። ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች ደግሞ 137ቱን አሸነፈ።

የካ ያኔ ከከተማዋ አሥር ክፍለ ከተሞች አንዱ ነበር፤ ለሚ ኩራ ገና አልተፈጠረም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ መገናኛ፣ ከኮተቤ እስከ ካራ፣ በእንጦጦ ሥር ያለው ሰፈር ሁሉ ድምፁን ሰጥቶ ተወካዮቹን መርጧል። እነዚያ ተመራጮች ግን የከተማውን ምክር ቤት ተረክበው አንድ ቀን እንኳ ከተማዋን አላስተዳደሩም።

▪️ ስንጥቁ የጀመረው ከእስሩ በፊት ነው

ብዙ ሰው «መንግሥት አሰራቸው፣ በቃ ፈረሰ» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። በምርጫው ምሽት ሰልፍ ተከለከለ፤ ሰኔ 1 አዲስ አበባ ውስጥ ሰዎች በጥይት ተገደሉ። ጫናው ከባድ ነበር። ግን መሪዎቹ ከመታሰራቸው በፊት ሁለት ጥያቄዎች ቅንጅትን ከውስጥ ከፍለውታል።

አንደኛው፦ ፓርላማ እንግባ ወይስ አንግባ? «ውጤቱ ተጭበርብሯል፣ ከገባን ማጭበርበሩን ተቀበልን ማለት ነው» የሚሉ ነበሩ። «ያገኘነውን ይዘን ከውስጥ እንታገል» የሚሉም ነበሩ። አመራሩ 8 ቅድመ ሁኔታዎችን አስቀመጠ፣ መንግሥት አልተቀበለም። ቅንጅት እንደ ድርጅት አልገባም አለ፤ የተወሰኑ ተመራጮች ግን በየግላቸው ገቡ።

ሁለተኛው፦ እንዋሃድ ወይስ እንደ አራት እንቀጥል? በ1998 መጀመሪያ አራቱ ፓርቲዎች ከስመው አንድ ፓርቲ ይሁኑ ተባለ። ለዚህ እያንዳንዱ ፓርቲ ማህተሙን ማስረከብ ነበረበት። በአቶ ልደቱ የሚመራው የኢዴፓ-መድኅን ወገን በውህደቱ ሂደትና ሰነድ ላይ ቅሬታ አለኝ ብሎ አላስረክብም አለ። በምርጫ ክርክሩ ሕዝብ ያጨበጨበለት ልደቱ በሳምንታት ውስጥ «ከሃዲ» ተባለ። እሱ ደግሞ «የተሻረው ደንብ ነው» ብሎ ተከራከረ።

ማን ልክ ነበር የሚለው እስከዛሬ ያከራክራል። የማያከራክረው ነገር አለ፦ ሕዝቡ የመረጠው «አንድ ቅንጅት»ን ነው፣ በወረቀት ላይ ግን አንድ ቅንጅት አልነበረም። ሲጣሉ ማን የመጨረሻ ውሳኔ እንደሚሰጥ አስቀድሞ በግልጽ አልታሰረም።

▪️ እስሩ

በጥቅምት 1998 ቅንጅት ክላክስ ማሰማትንና ቤት መዋልን የጨመረ ሰላማዊ ትግል ጠራ። ከጥቅምት 22 ጀምሮ ከተማዋ ተናወጠች፤ መሪዎቹም ታሰሩ። ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በሰኔውና በጥቅምቱ ግርግር 193 ሲቪሎችና 6 የፀጥታ አባላት መሞታቸውን አሳውቋል። ከተማዋ ለጊዜያዊ ባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች።

▪️ ከተፈቱ በኋላስ?

መሪዎቹ ሐምሌ 13 ቀን 1999 በይቅርታ ወጡ። ሕዝቡ አንድ ሆነው እንዲመጡ ሲጠብቅ ክፍፍሉ ባሰ፦

➡️ ኢንጂነር ኃይሉ በአንድ ወገን፣ ብርቱካንና ሌሎች በሌላ ወገን ቆሙ። ውጭ ያለው ደጋፊም አብሮ ተከፈለ።
➡️ በ2000 ምርጫ ቦርድ «ቅንጅት» የሚለውን ስም ለአቶ አየለ ጫሚሶ ቡድን ሰጠ። ስሙ ከነታሪኩ ሄደ።
➡️ እነ ብርቱካን «አንድነት» ፓርቲን መሠረቱ። እሷ እንደገና ስትታሰር እሱም ለሁለት ተከፈለ።
➡️ ዶ/ር ብርሃኑ ውጭ ሆኖ ግንቦት 7ን መሠረተ።
➡️ ኃይሉ ሻውል በመኢአድ ቀጠሉ።

በዚያው 2000 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ኢሕአዴግ ከአንድ ወንበር በቀር የአዲስ አበባን ምክር ቤት በሙሉ ያዘ። ሦስት ዓመት ብቻ!

▪️ ነገሩ አዲስ አልነበረም

እንጦጦን ስትወርዱ የምታገኙት ስድስት ኪሎ የተማሪዎች ንቅናቄ የፈላበት ቦታ ነው። በ1957 «መሬት ላራሹ» ብሎ አብሮ የወጣው ትውልድ ከአሥር ዓመት በኋላ ኢሕአፓና መኢሶን ተብሎ ተፋጠጠ። ሁለቱም ሶሻሊስት ነን ይሉ ነበር። የተለያዩት በአብዛኛው «ደርግን እየተቸን እንደግፍ ወይስ እንታገለው?» በሚለው ነው። ልዩነቱ ጥይት መማዘዝ ላይ ደረሰ። በመጨረሻ ደርግ ሁለቱንም በላ። ኢሕአፓ ራሱም ከውስጥ ሲከፈል የተለየውን «አንጃ» አለው፤ ቃሉም እስካሁን የስድብ ያህል ይከብዳል። የተለየ ሐሳብ ያለው ሁሉ አንጃ ወይ ከሃዲ ከተባለ፣ ልዩነት የሚፈታበት በር ይዘጋል።

▪️ ቃላቱን እንለይ

ቅንጅት፦ ፓርቲዎች ሕጋዊ ሰውነታቸውን ይዘው ለምርጫ ይተባበራሉ።
ግንባር፦ አባል ፓርቲዎች ሳይከስሙ በጋራ አመራር ሥር ይሰባሰባሉ። ኢሕአዴግ እንዲህ ነበር።
ውህደት፦ የቀድሞዎቹ ይከስማሉ፣ አንድ ፓርቲ ይወለዳል።

ከቅንጅት ወደ ውህደት መሄድ ስም መቀየር ብቻ አይደለም፤ የራስን ቤት አፍርሶ ሌላ ቤት መግባት ነው። ገዥው ወገንም ከዚህ አላመለጠም፦ በ2012 ኢሕአዴግ ብልጽግና ሲሆን ሕወሓት አልዋሃድም ብሎ ቀረ።

▪️ ዛሬ

የታሪክ ነገር! ስሟን በቦርድ ውሳኔ ያጣችው ብርቱካን ከ2011 ጀምሮ ምርጫ ቦርድን ለዓመታት መራች። ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር ሆነ። በ2011 ኢዜማ ሲመሠረት 7 ፓርቲዎች መጀመሪያ ከስመው ነው የገቡት፤ ከ1997 የተወሰደ ትምህርት ይመስላል። ያም ሆኖ «ኢዴፓ ከስሟል፣ አልከሰመም» የሚል ክርክር ተነሳ። የማህተሙ ጥያቄ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ስለዚህ ነገ የሆነ ንቅናቄ «አንድ ነን» ብሎ ድጋፋችሁን ሲጠይቅ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ስትጣሉ ማን ይወስናል? ስሙና ማህተሙ በማን እጅ ነው? ያልተስማማ ሰው ከሃዲ ሳይባል መውጣት ይችላል? መልሱ በጽሑፍ ከሌለ፣ አንድነቱ ገና ሰልፉ ላይ ብቻ ነው ያለው።

በ1997 የመረጡ አባት፣ እናት ወይ ጎረቤት ካሏችሁ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁን ኮሜንት ላይ አካፍሉን።