«ምንጩ ያልታወቀ»፦ የጥንት አልጌዎችን ቅሪተ አካል የመመደብ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ከጤፍ ፍሬ በእጅጉ ስለሚያንሱ ቅሪተ አካላት፣ ይልቁንም እነርሱን ለመሰየም ስለተደረገው የረጅም ዘመን ሙግት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1830ዎቹ ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ በርሊን ውስጥ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ የሳሳ የባልጩት ስንጣሪ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ ዙሪያቸውን እሾህ የለበሱ ደቃቅ ኳሶች አገኘ። ኤረንበርግ ለእኛ አካባቢ ጨርሶ ባዳ አይደለም። በ1820ዎቹ ከባልንጀራው ከሄምፕሪክ ጋር ከግብፅ ተነሥቶ ቀይ ባሕርን ተከትሎ እስከ ምጽዋ ወርዷል፤ ሄምፕሪክም በ1825 እዚያው ምጽዋ ላይ በንዳድ ሞቷል። ወደ ኳሶቹ እንመለስና፣ ኤረንበርግ «ዛንቲድየም» አላቸው። ይህ ዴዝሚድ ከሚባሉት፣ ዛሬም በሕይወት ካሉት ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች የአንዱ ወገን ስም ነው። (እርሱ ራሱ ዴዝሚዶችን ከእንስሳት ይቆጥራቸው ነበር፤ የዘመኑ አስተሳሰብ ነው።)

መመሳሰሉ ዐይን ያታልላል። ነገር ግን ዴዝሚዶች በአብዛኛው የጨው አልባ ውኃ ነዋሪዎች ናቸው፤ ያ ባልጩት ደግሞ የሚገኘው በጠመኔ ድንጋይ ውስጥ ነው፤ ጠመኔውም የባሕር ወለል ደለል ነው። ስሙ ከቅርጹ ጋር የኑሮ ስፍራንም፣ የዘር ሐረግንም ይዞ ገባ። አንድን ቅሪተ አካል በሕያው ፍጡር ስም ስንጠራው፣ ያላየነውንም ሁሉ እንዳየን አድርገን እየመሰከርን ነው። በ1850 እንግሊዛዊው ጊዲየን ማንቴል «ስፒኒፈራይተስ»፣ ማለትም እሾህ ተሸካሚ፣ የሚል አዲስ ስም አወጣላቸው። በ1930ዎቹ ጀርመናዊው ኦቶ ቬትሰል ጃርት ከሚለው የግሪክ ቃል ተነሥቶ «ሂስትሪኮስፌራ» አለ፤ በእኛ አነጋገር የጃርት ኳስ እንደ ማለት ነው። ሁለቱም ስሞች የታየውን ብቻ ስለሚናገሩ ከኤረንበርግ ስም ይልቅ እኔ አከብራቸዋለሁ። ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ፤ እሾህ ያለው ደቃቅ ነገር በየትኛውም ዘመን ድንጋይ ቢገኝ ሂስትሪኮስፌር እየተባለ በአንድ ስልቻ ይታጨቅ ጀመር።

ስልቻውን የፈታው አሜሪካዊው ዊልያም ኤቪት ነው። በ1961 ባወጣው ጥናት ሁለት ነገሮችን አስተዋለ። አንደኛ፣ በብዙዎቹ ኳሶች ላይ እሾሆቹ በዘፈቀደ አልተበተኑም፤ አደራደራቸው ዳይኖፍላጀሌት የተባሉት ደቂቅ አልጌዎች ከሚለብሱት የጥሩር ሰሌዳዎች አደራደር ጋር ይገጥማል። ሁለተኛ፣ በኳሱ ግድግዳ ላይ ያለው ቀዳዳ የስብራት ምልክት አይደለም፤ ቅርጹ የታወቀ ነው፤ የሚገኘውም የአንድ ወይም የጥቂት ሰሌዳዎች ቦታ ላይ ነው። በር ነው ማለት ነው። ኤቪት «አርኪዮፓይል» አለው። ስለዚህ ቅሪተ አካሉ በባሕር ላይ ሲዋኝ የነበረው ሕዋስ ራሱ አይደለም። ሕዋሱ ክፉ ጊዜን ለማሳለፍ በጥሩሩ ውስጥ የሠራው የማረፊያ ቅርፊት፣ ሲስት የሚባለው ነው፤ በበሩ የወጣውም ነዋሪው ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዴቪድ ዎል እና ባሪ ዴል በዉድስ ሆል ከዘመናችን የባሕር ደለል የወሰዷቸውን ሲስቶች በቤተ ሙከራ እንዲፈለፈሉ አደረጉ። ስፒኒፈራይተስ ከምንለው ቅርፊት ውስጥ የወጣው ጎንያውላክስ የተባለው ሕያው ዳይኖፍላጀሌት ነበር። ለቅርፊቱ አንድ ስም፣ ለነዋሪው ሌላ ስም፤ ይህ የስም መንታነት እስከ ዛሬ አብሮን አለ።

ታዲያ በርም የሰሌዳ ምልክትም የሌላቸው የቀሩት ምን ይሁኑ? ኤቪት በ1963 «አክሪታርክ» የሚል ስም አቀረበ፤ ከግሪክ የተወሰደ፣ ምንጩ ያልታወቀ ማለት ነው። ይህን ስም በሥነ ምደባ ታሪክ ውስጥ ከወጡት ብልህ ስሞች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ዝምድናን አይናገርም፤ ማስረጃ የተገኘለት ሁሉ ደግሞ እንዲወጣ በሩን ክፍት አድርጎ ይጠብቃል። ታዝማናይተስ ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። በ1875 የተሰየመ፣ በታዝማንያ ዘይት አዘል ድንጋይ የታወቀ ክብ ቅሪተ አካል ነው፤ ዎል በ1962 በሕይወት ካሉ የባሕር አረንጓዴ አልጌዎች ጋር ስላዛመደው ዛሬ የሚመደበው ከእነርሱ ጋር ነው።

ተማሪዎች እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። የአክሪታርኮችን የዝርያ ብዛት በየዘመኑ የሚያሳይ ግራፍ ስታነቡ፣ የምታዩት የአንድን ቤተሰብ ታሪክ አይደለም። አንድ ቡድን ዘመዱ ታውቆ ከስብስቡ ሲወጣ መስመሩ ያዘቀዝቃል፤ በባሕሩ ውስጥ ግን አንድም ፍጡር አልጠፋም። ለነዳጅ ፍለጋና ለድንጋይ ንብርብር ዕድሜ ንጽጽር ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ቅርጹ ከዘመኑ ጋር እስከ ተያያዘ ድረስ ያገለግላል። ስለ ሕይወት ታሪክ ለመናገር ስንነሣ ግን ጉዳቱ ከባድ ነው።

ዳያቶሞች ከዚህ መከራ በአመዛኙ ተርፈዋል። ሕያዉም ቅሪቱም የሚለየው በዚያው በሲሊካ ቅርፊቱ ነውና፤ የአልጌዎች የስያሜ ሕግም የቅሪተ አካል ስሞችን ለብቻ ሲያይ ዳያቶሞችን ከዚያ ነጥሎ ያወጣቸዋል። ፍራንስዋዝ ጋስ በአፋር የአቤ ሐይቅን ደለል መርምራ የሐይቁን መሙላትና መጉደል ማንበብ የቻለችው፣ በደለሉ ውስጥ ያገኘቻቸውን ዳያቶሞች የኑሮ ጠባያቸው ከሚታወቅ ሕያዋን ጋር ማስተያየት ስለቻለች ነው።

ወደ ኋላ በሄድን መጠን ግን የሚነጻጸር ሕያው ዘመድ እየራቀ ይሄዳል። በሰሜን አውስትራሊያ ዕድሜው 1.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ከሆነ ድንጋይ የተገኘውን ታፓንያን ውሰዱ። ከግድግዳው የሚወጡት ቅርንጫፎች አቀማመጣቸው ሥርዓት የለውም፤ የውስብስብ ሕዋስ ሥራ ለመሆኑ ብዙዎች ይስማማሉ። ከፈንገስ ወገን ሊሆን ይችላል ያለ አለ፤ ሌሎች አልተቀበሉትም። በመዝገብ ላይ የሚገኘው ዛሬም ከአክሪታርኮች ጋር ነው።