ስለ ቦብ ቍርጥ አመጣጥና ስለ ጠጕር ቈራጮች ጥበብ

የሰው ልጅ ሳይደማና ሳይታመም ከገዛ አካሉ ቈርጦ ሊጥለው የሚችለው ጠጕሩንና ጥፍሩን ብቻ ሲሆን፣ ጥፍር መቍረጥን ማንም ከቁም ነገር ሳያስገባው፣ ጠጕር ግን በየአገሩና በየዘመኑ የሐዘን፣ የምናኔ፣ የቅጣትና የክብር ምልክት ሆኖ ኖሯል። በአገራችን ሴት ወይዘሮ ጠጕርዋን የምትላጨው ባልዋ ወይም ልጅዋ ሲሞትባት፣ አለዚያም ይህን ዓለም ንቃ ቆብ ስትደፋ እንደ ነበረ ከአረጋውያን የሰማነው ነው። በምዕራባውያንም ዘንድ ነገሩ ከዚህ እጅግ የራቀ አልነበረም፤ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን በላከው በመጀመሪያው መልእክት፣ በ11ኛው ምዕራፍ፣ ስለ ሴት ጠጕር ክብር ያስተማረውን ካህናቱ በዐውደ ምሕረት ሲሰብኩት፣ አባቶችና ባሎችም በየቤታቸው እንደ ሕግ ሲጠብቁት ስለ ኖሩ፣ ጠጕርዋ ያጠረ ሴት ብትገኝ ወይ መነኵሲት፣ ወይ ከንዳድ ያገገመች በሽተኛ፣ ወይ ከወህኒ የወጣች ናት ተብላ ትገመት ነበር። ጤነኛና ባለማዕረግ የሆነች ሴት በገዛ ፈቃድዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠጕርዋን እስከ መንጋጋዋ ያስቈረጠችበት፣ ቦብ የተባለውም ቍርጥ ከፓሪስ እስከ ሻንግሃይ የተስፋፋበት ዘመን እንግዲህ በልማድ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ምዕራፍ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ነገር የጦርነት ማግስት ቅብጠት አድርገው ይተርኩታል፤ እኔ ግን ታሪኩን በመረመርሁ ቍጥር የሚታየኝ፣ ቍርጡ ከቅብጠት ይልቅ ከሥራና ከችግር የተወለደ መሆኑ፣ ለተከታዩ ትውልድ ያቈየውም ዋና ቅርስ ቀድሞ ያልነበረ የእጅ ጥበብ መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1884 በፖላንድ፣ በሼራድዝ ከተማ የተወለደው አንቶኒ ቼርፕሊኮቭስኪ ገና በወጣትነቱ ወደ ፓሪስ ተሻግሮ፣ አንቷን በሚለው ስም በዓለም ሁሉ የታወቀ የጠጕር ባለሙያ ሆነ። በ1909 ኤቭ ላቫልዬር የተባለች ስመ ጥር ተዋናይት፣ ዕድሜዋ ከ40 ያለፈ ሳለ፣ የ18 ዓመት ልጃገረድ መስላ በመድረክ እንድትታይ በተፈለገ ጊዜ፣ አንቷን ረዥሙን ጠጕርዋን እስከ ጆሮዋ ግርጌ ቈርጦ ሲያስተካክለው፣ ያረጀው ፊት እንደ ታደሰ ይተረካል። ለዚህም ቍርጥ የሰጠው ስም የዣን ዳርክ ስም ነበር። ይህች የፈረንሳይ እረኛ ልጃገረድ በ1431 በሩዋን ከተማ አደባባይ በእሳት ስትቃጠል፣ ከቀረቡባት ክሶች አንዱ የወንድ ልብስ መልበስዋና ጠጕርዋን እንደ ወንድ ዙሪያውን መቈረጥዋ ሲሆን፣ አንቷን በስምዋ መቀስ ባነሣበት በዚያው በ1909 የሮም ቤተ ክርስቲያን ብፅዕት ብላ ሰይማት፣ በ1920 ደግሞ ከቅዱሳን ማኅበር ቈጠረቻት። ስለዚህ ካህናቱ አጭር ጠጕርን በሚያወግዙበት በዚያው ዘመን፣ ጠጕርዋ ያጠረ ቅድስት በየመቅደሱ ሥዕልዋ ተሰቅሎ ትከበር ነበር። ላቫልዬርም ራስዋ በ1917 ቴአትሩንና ሀብቱን ትታ በንስሐ ተመለሰች፤ በቅዱስ ፍራንሲስኮስ ሦስተኛ ማኅበር ገብታ፣ በጸሎትና በምጽዋት ኖራ፣ በ1929 ዐረፈች። ቍርጥ ጠጕርን ሁሉ የክሕደት ምልክት አድርገው ለሚናገሩ ሰዎች የዚህችን ሴት ገድል ማስታወስ ተገቢ ይመስለኛል።

በአሜሪካ ደግሞ ምክንያቱ ሕመም ነበር። ከባልዋ ከቨርነን ጋር በጭፈራ ጥበብ ገናና የነበረችው አይሪን ካስል ለትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ወደ ሆስፒታል ልትገባ በሆነ ጊዜ፣ ተኝታ ሳለች ጠጕርዋን ማበጠርና መጐንጐን እንዳያስቸግራት አሳጥራ ቈረጠችው፤ ድና ወደ መድረክ ስትመለስም በዚያው ጠጕር ታየችና በ1915 ገደማ የአገሩ ወጣት ሴቶች ይከተሏት ጀመር። በእንግሊዝም ታላቁ ጦርነት ወንዶቹን ወደ ምሽግ ሲወስድ፣ ሴቶቹ በጥይት ፋብሪካዎችና በየመኪናው ዘንድ ተተኩ፤ በሚሽከረከረው የመኪና ቀበቶ የተያዘ ረዥም ጠጕር ባለቤቱን እስከ ሞት የሚያደርስ ስለ ሆነ፣ ጠጕርን በቆብ መሸፈን ግዴታ ሆነ፤ ከዚያም አልፈው የቈረጡት ጥቂቶች አልነበሩም። ጦርነቱ በ1918 ሲያበቃ ጠጕሩ ተመልሶ እንዲያድግ የተጠበቀው ተስፋ ሳይፈጸም ቀረ።

እዚህ ላይ የጠጕር ሠሪዎችን ነገር በሰፊው ማውሳት ይገባል፤ ስለ ቦብ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚዘነጉት ይህን ነውና። የዚያ ዘመን የወይዛዝርት ጠጕር ሠሪ ጥበቡ ማበጠር፣ መጠቅለል፣ ማርሴል ግራቶ ባስተማረው በጋለ ብረት ማዕበል ማውጣት፣ የጐደለውን በተጨማሪ ጠጕር መሙላት፣ ሁሉንም በወስፌ መሰል መያዣ ወግቶ በራስ ላይ ማቆም ነበር፤ መቀስ የሚያነሣው ጫፉን ለመከርከም ብቻ ስለ ሆነ፣ ቀጥ ያለ መሥመር መቍረጥ አያውቅም፤ ቢያውቅም ቍርጡ እንጀራውን የሚያሳጣው መስሎ ስለ ታየው እምቢ ይላል። ስለዚህ ሴቶቹ ተሰልፈው ወደ ወንዶች ጠጕር ቤት ሄዱ። ጢሙን ሊላጭ የመጣ ሽማግሌ ከጐኑ ባለው ወንበር ላይ እመቤት ተቀምጣ ሲያገኛት የተሰማውን መደነቅ መገመት አያስቸግርም። ወንዶች ጠጕር ቈራጮች ቶንዶስና መቀስ በእጃቸው የለመደ ስለ ሆነ ማጅራቱን አጥርተው ማውጣት ቢያውቁም፣ የፊትን መልክና የጠጕርን ርዝመት ማስማማት አልተማሩም ነበር፤ የወይዛዝርቱ ጠጕር ሠሪዎችም መልክ ማስማማት ቢያውቁ መቍረጥ አይችሉም። ከሁለቱ ጐድለት መካከል፣ ጥቂት ዓመታት በወሰደ ክርክርና ትምህርት፣ የሴት ጠጕር ቈራጭ የሚባል አዲስ ሙያ ተወለደ። ከዚያ በፊት ጠጕር ይሠራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቍርጡ ራሱ ጌጥ ሆነ።

ቍርጡም አንድ ዓይነት ብቻ አልነበረም። የመጀመሪያው ዙሪያውን ከጆሮ ግርጌ እኩል ተቈርጦ፣ በግንባር ላይ እስከ ቅንድብ የሚወርድ ጠጕር ያለው ሲሆን፣ በ1923 በታየው የሚንበለበል ወጣትነት በተባለው ፊልም ኮሊን ሙር፣ በ1929 ደግሞ ፓብስት በበርሊን ባዘጋጀው የፓንዶራ ሣጥን ሉዊዝ ብሩክስ ለዓለም አሳይተውታል። የካንሳስዋ ብሩክስ ይህን ቍርጥ የያዘችው ከልጅነትዋ ጀምሮ ሲሆን፣ ጥቁር፣ ቀጥ ያለና የሚያበራ ጠጕርዋ የሁለቱን ጕንጮችዋን ዳር ይዞ ወደ ፊት ስለሚመጣ፣ ተመልካች ሁሉ ዓይንዋን እንዲያይ ይገደዳል። በ1924 ገደማ የተስፋፋው ሁለተኛው ዓይነት ማጅራቱን ደረጃ በደረጃ እያሳጠሩ ወደ አንገት የሚያወርዱት ነው፤ ሠርቶ ለማውጣት ከሁሉም የሚያስቸግር ይህ ነበር፤ ደረጃው በግልጽ ከታየ ቍርጡ ተበላሽቷልና። ሦስተኛውና የመጨረሻው ኢተን በተባለው የእንግሊዝ ወንዶች ትምህርት ቤት ስም የተጠራው፣ ፈጽሞ አጥሮ በቅባት የሚተኛው ነው፤ በ1925 ከአሜሪካ መጥታ በፓሪስ በሻንዜሊዜ ቴአትር የጨፈረችው ጆሴፊን ቤከር በዚህ ቍርጥ ታወቀች፤ ጠጕርን አስተኝቶ የሚያበራ ቅባትም በስምዋ ተሸጠ። ከእነዚህ ሁሉ ጋር የተስማማው ካሮሊን ሬቡ ያስለመደችው፣ እስከ ቅንድብ ተስቦ ራስን የሚገጥም ባርኔጣ ሲሆን፣ ረዥም ጠጕር ጠቅልላ የያዘች ሴት እርሱን ልትደፋው ስለማይቻላት፣ ባርኔጣው ቍርጡን፣ ቍርጡም ባርኔጣውን እያስገደደ አብረው ተስፋፉ።

ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገና ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሳሉ፣ ከመሳፍንቱና ከመኳንንቱ ጋር በ1924 ፓሪስ የገቡት ይህ ልማድ ከጫፍ በደረሰበት ወራት ነበር። በጐፈሬያቸውና በካባቸው የፈረንሳይን ሕዝብ ዓይን የሳቡት የኢትዮጵያ መኳንንት፣ እነርሱም በተራቸው ጠጕራቸውን የቈረጡ የፓሪስ ወይዛዝርትን አይተዋል፤ በአንዱ አደባባይ ወንዱ ጠጕሩን አሳድጎ፣ ሴትዋ አሳጥራ መተያየታቸው ክብር በጠጕር ርዝመት እንደማይለካ ከማናቸውም ስብከት ይልቅ ያስረዳ ነበር።

ተቃውሞው ግን ቀላል አልነበረም። በፈረንሳይ በ1922 ጠጕርዋን ቈርጣ እንደ ወንድ ስለምትኖር ሴት ልብ ወለድ የጻፈው ቪክቶር ማርገሪት በተከታዩ ዓመት የክብር ሌጌዎን ኒሻኑን ተገፈፈ። በአሜሪካ ስኮት ፊትዝጄራልድ በ1920 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ አንዲት ልጃገረድ በእልኽ ጠጕርዋን ተቈርጣ የደረሰባትን ኀፍረት ተረከ። በወርቃማ ዘለላዋ ሕዝብ የሚያመልካት ሜሪ ፒክፎርድ ብዙ ዓመት እምቢ ብላ ኖራ፣ እናትዋ በሞቱባት በ1928 በመጨረሻ ስትቈረጥ፣ ወሬው በጋዜጦች የፊት ገጽ ወጣ። ይህ ሁሉ የቤተሰብ ክርክርና የጋዜጣ ወሬ ነው፤ በምሥራቅ ግን ነገሩ የሕይወትና የሞት ሆኗል። የጃፓን መንግሥት በ1871 ወንዶቹ በአናታቸው ላይ የሚቋጥሩትን ጠጕር እንዲቈርጡ ሲፈቅድ፣ ሴቶችም ተከትለው ቢቈርጡ፣ በ1872 በቶክዮ የሴት ጠጕር መቍረጥ በዐዋጅ ተከለከለ። በቻይና የተማሩ ወጣት ሴቶች ቍርጡን የነጻነት ምልክት አድርገውት ስለ ነበር፣ በ1927 ኮሚኒስቶች ሲታደኑ፣ በካንቶንም ያስነሡት ዐመፅ በተሸነፈ ጊዜ፣ በጠጕራቸው ማጠር ብቻ ተጠርጥረው የተገደሉ ሴቶች ነበሩ። አንድ መቀስ የሠራው ሥራ የሰውን ደም እስከ ማፍሰስ ምክንያት መሆኑን ሳስብ፣ በየፋሽን መጽሔቱ ስለ ቦብ በሚጻፈው ቀላል ወሬ መካከል የእነዚህ ልጆች መታሰቢያ አለመኖሩ ያሳዝነኛል። በዚያው አገር፣ በሻንዱንግ አውራጃ በቺፉ ወደብ፣ ከሰው ጠጕር የጠጕር መረብ እየሠሩ ወደ ባሕር ማዶ በመላክ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ሺህ ድኾች ሴቶችም፣ የአውሮፓና የአሜሪካ እመቤቶች ጠጕራቸውን ሲቈርጡ ሥራቸው ቀዘቀዘ።

ከ1930 በኋላ ጠጕሩ ጥቂት ረዘመ፤ በጥቅልል፣ በማዕበልና በሚረጭ ማጠንከሪያ የሚሠራው ዘመን መጣ፤ ሴትዋ በየሳምንቱ በቢጎዲን ተጠቅልላ ከካስክ ሥር መቀመጥ ግዴታዋ ሆነ። ከዚህ ያወጣት በ1928 በለንደን የተወለደው ቪዳል ሳሱን ነው። አባቱ ጥሎት ስለ ሄደ ሰባት ዓመት በአይሁድ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ኖረ፤ በ14 ዓመቱ በኋይትቻፕል ከአንድ ጠጕር ሠሪ ዘንድ ለሙያ ተቀጠረ፤ በ1948ም በእስራኤል ጦርነት ተዋግቶ ተመልሶ፣ በ1954 በቦንድ ጎዳና የራሱን ቤት ከፈተ። በጀርመን ባውሃውስ ትምህርት ቤት የተጀመረውን፣ ሕንፃ ከጌጡ ይልቅ በቅርጹ ይታይ የሚለውን ሐሳብ ወደ ጠጕር አዞረና፣ በ1963 በሆንግ ኮንግ የተወለደችውን ተዋናይት ናንሲ ክዋንን ረዥም ጠጕርዋን በመንጋጋዋ ልክ ቈረጠላት። ከኋላ አጥሮ ወደ ፊት እየረዘመ የሚመጣው ይህ ቍርጥ ራስዋን ስታወዛውዝ ያለ ብረትና ያለ መያዣ ተመልሶ ስፍራውን ይይዝ ነበር። ቀጥሎም ለግሬስ ኮዲንግተን አምስት ሹል ጫፍ ያለውን ቍርጥ ሠራ። አሠራሩም ጠጕርን አርጥቦ፣ በማበጠሪያ በየረድፉ ከፍሎ፣ እያንዳንዱን ረድፍ በሁለት ጣት መካከል ይዞ፣ የታችኛው መሥመር የላይኛውን እንዲመራ አድርጎ መቍረጥ ነው፤ ስሕተቱን የሚሸፍን ጥቅልል ስለሌለ፣ በአንዱ ወገን አንድ ጣት ስፋት ያጋደለ መቀስ ወዲያው ይታያል።

ዛሬም የቦብን ቍርጥ ልትይዝ የምትፈልግ ሴት ከሁሉ አስቀድማ የፊትዋንና የአንገትዋን ልክ መመርመር ይገባታል። ክብ ፊት ያላት ከአገጭ በታች ጥቂት ብታስረዝመው፣ ከፊትም ከኋላው ቢረዝም ይስማማታል፤ ፊትዋ ቀጭንና ረዥም የሆነ ግን በመንጋጋዋ ልክ አድርጋ፣ በግንባርዋ ላይ እስከ ቅንድብ ብታወርደው ፊቱ ይሞላል። አንገትዋ አጭር ከሆነ ማጅራቱ ደረጃ በደረጃ ይጠር። የተጠቀለለ ጠጕር፣ እንደ ብዙዎቻችን ጠጕር ማለት ነው፣ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ፣ እርጥብ ሳለ በታሰበው ልክ የቈረጠው ባለሙያ ሲደርቅ ጆሮ ላይ ወጥቶ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ወይ በደረቁ በተፈጥሮው ቅርጽ፣ ወይ እንደሚለበሰው በካስክ ከተሳበ በኋላ መቍረጥ ይሻላል። ቅርጹ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ብቻ ስለሚቈይ ወደ ቈራጩ መመለስ አይቀርም፤ በቍርጡ ጊዜም አገጭዋን ወደ ደረትዋ ብትደፋ ወይም ራስዋን ወደ አንዱ ጐን ብታዘነብል የማጅራቱ መሥመር ስለሚጣመም፣ እግርዋን ሳታነባብር ቀጥ ብላ ትቀመጥ፤ ባለሙያውም ከወንበሩ ሳያስነሣት በሁለተኛ መስታወት የኋላዋን ያሳያት።