«የሚበላ» የተባለው መርዝ፦ የሐሰተኛው ሞሬል ታሪክ

ፐርሶን የተባለው የፈንገስ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1800 ለአንድ የጸደይ እንጉዳይ ስም ሲያወጣ «ኤስኩሌንታ» የሚል ቅጽል ሰጠው፤ በላቲን «የሚበላ» ማለት ነው። ስዊድናዊው ኤልያስ ፍሪስ በ1849 ወደ ሌላ ወገን አዛውሮ ጂሮሚትራ ኤስኩሌንታ ቢለውም ቅጽሉን አልነካውም። ይሁን እንጂ ይህ እንጉዳይ ጥሬውን ወይም በቅጡ ሳይቀቀል የተመገበውን ሰው ሊገድል ይችላል። ሞሬል የተባለውን ተወዳጅ እንጉዳይ ስለሚመስልም በብዙ አገር «ሐሰተኛ ሞሬል» ይባላል።

ፊንላንዳውያን «ኮርቫሲየኒ»፣ የጆሮ እንጉዳይ፣ ይሉታል። ለእኛ ለሐኪሞች ግን ከጆሮ ይልቅ አንጎልን ያስታውሳል፤ ቡናማ ቆቡ እንደ አንጎል ገጽ የተጨማደደና የተጣጠፈ ነው። በረዶው ቀልጦ ጸደይ ሲገባ በጥድ ደን አሸዋማ አፈር ላይ ይበቅላል። አዘገጃጀቱ የወጥ ቤት ኬሚስትሪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ትኩሱ እንጉዳይ በሦስት እጥፍ ውኃ ቢያንስ ለ5 ደቂቃ ይቀቀላል፤ ውኃው ይደፋል፤ እንጉዳዩ በብዙ ውኃ ይታጠባል፤ ከዚያም በአዲስ ውኃ ለሌላ 5 ደቂቃ ተቀቅሎ ዳግመኛ ይታጠባል። የደረቀው ደግሞ ከመቀቀሉ በፊት ለ2 ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል። መስኮት መከፈት አለበት፤ መርዙ በእንፋሎት ስለሚወጣ ሳይቀምሱ እንፋሎቱን በመተንፈስ ብቻ የታመሙ አብሳዮች አሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው በቅቤና በክሬም ተሠርቶ ለገበታ የሚቀርበው። እንጉዳይ ሲያይ «የጅብ ጥላ» ብሎ ለሚያልፍ ሰው ይህ ሁሉ ድካም ሊያስገርመው ይችላል።

ሳይንሱ ከወጥ ቤቱ ዘግይቶ ደረሰ። የመመረዝ አደጋዎች ከ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ተመዝግበዋል፤ ነገር ግን ከአንድ ድስት ከበሉ ሰዎች አንዱ ሲታመም ሌላው ደኅና መሆኑ ሐኪሞችን ግራ ያጋባ ነበር። አንዳንዶችም ከሌላ መርዛማ ዝርያ ጋር ተደባልቆ ይሆናል በማለት እንጉዳዩን ነፃ አወጡት። በ1885 ቦምና ኩልዝ አንድ ቅባትማ ንጥረ ነገር አውጥተው «ሔልቬሊክ አሲድ» ሲሉ ሰየሙት፤ ጥፋተኛውም እርሱ ነው አሉ። አስተያየቱ ብዙ ዘመን ቢቆይም ስሕተት ነበር። እውነተኛውን መርዝ፣ ጂሮሚትሪንን፣ ሊስትና ሉፍት ለይተው ያሳወቁት በ1968 ነው።

ጂሮሚትሪን በጨጓራ ውስጥ ተሰባብሮ በመጨረሻ ሞኖሜቲልሃይድራዚን ይሆናል፤ ይህ ውሕድ ለጠፈር መንኮራኩር ነዳጅነት ያገለገለ ነው። ከውኃ ቀድሞ በ87 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል፤ በውኃም ይሟሟል። የፊንላንድ ባልቴቶች ይህን ሳያውቁ መፍትሔውን አግኝተውት ነበር ማለት ነው።

በቲቢ ክሊኒክ የሠራ ባልደረባ ደግሞ እዚህ ላይ አንድ የሚያውቀውን ነገር ያገኛል። አይሶኒያዚድ ከመጠን በላይ ሲወሰድ የሚያደርሰውና ይህ መርዝ የሚያደርሰው ጉዳት በእጅጉ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም የቫይታሚን ቢ6ን ሥራ በማደናቀፍ በአንጎል ውስጥ ጋባ የተባለው አረጋጊ ኬሚካል እንዲቀንስ ያደርጋሉ፤ መንቀጥቀጥም ይከተላል። ስለዚህ አይሶኒያዚድ ለሚወስዱ ታካሚዎቻችን በጥቂቱ የምንጨምርላቸው ፒሪዶክሲን፣ በደም ሥርና በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ፣ ለእንጉዳዩ መንቀጥቀጥም መድኃኒት ነው። ጉበትን ግን አይታደግም። ትውከቱና ተቅማጡ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ዘግይቶ የሚጀምር በመሆኑ የሕመሙ ታሪክ ሲጠየቅ የቀደመው ቀን ምግብ መዘንጋት የለበትም፤ ማታ የበላ ሰው በማግሥቱ ቁርሱን ሊወቅስ ይችላልና።

በ2021 ጉዳዩ እንደገና ተነሣ። በፈረንሳይ አልፕስ ተራሮች፣ ሞንሻቫን በተባለች አነስተኛ መንደር፣ 14 ሰዎች በኤ.ኤል.ኤስ. መታመማቸው ያሳሰባቸው ተመራማሪዎች ታማሚዎቹ ሐሰተኛ ሞሬል ይመገቡ እንደነበር፣ ለንጽጽር የተመረጡት ጤነኞች ግን ሌላ እንጉዳይ ቢበሉም ይህን እንደማይበሉ ዘገቡ። እንዲህ ያለ ትንሽ ጥናት መንስኤን አያረጋግጥም። ሆኖም «በደንብ ከተቀቀለ ምንም አይልም» የሚለውን የቆየ እምነት አናግቷል፤ ከሁለት ቅቅል በኋላም ጥቂት መርዝ ይቀራልና።

ሽያጩን የከለከሉ የአውሮፓ አገሮች አሉ። ፊንላንድ ግን በገበያዋ መሸጡን ፈቅዳ፣ ከእንጉዳዩ ጋር ማስጠንቀቂያና የአዘገጃጀት መመሪያ አብሮ እንዲሰጥ አዝዛለች። እርጉዞች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ሕፃናት እንዳይበሉትም ትመክራለች። በእኔ አስተያየት መመሪያው ይበልጥ የሚጠቅመው ከአያቱ ወጥ ቤት ይህን ሳይማር ለመጣው ለእንግዳው ሰው ነው።