የእንግዳው ኮከብ ዜና መዋዕል

በ1046 ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ 10 ቀን፣ በዕለተ ሰኞ፣ ይኸውም በፈረንጆች ጁላይ 4 ቀን 1054፣ የሶንግ ንጉሥ ሬንዞንግ በቻይና በነገሠ በ32 ዓመቱ፣ በምሥራቅ ሰማይ ከዚያ በፊት ያልነበረ ኮከብ ታየ። የቆመውም ሠውር (በሬ) በተባለው የከዋክብት ስብስብ ቀንድ ጫፍ፣ ቻይናውያን ቲያንጓን በሚሏት ኮከብ አጠገብ ነበር። በመዲናይቱ በካይፈንግ ሰማዩን ሌሊት ሌሊት እየጠበቁ የሚጽፉ የቤተ መንግሥት ሰዎች ነበሩና «እንግዳ ኮከብ» ብለው መዘገቡት። ብርሃኑ እንደ አጥቢያ ኮከብ ሆነ፤ ጨረሩ በአራቱም ማዕዘን ተዘረጋ፤ መልኩ ቀላ ያለ ነጭ ነበር፤ 23 ቀንም ፀሐይ ወጥታ ሳለች በጠራራ ታየ።

የከዋክብት አዋቂው ያንግ ዌይዴም በንጉሡ ፊት ሰግዶ ነገሩን አስታወቀ፤ ለመንግሥቱ መልካም ምልክት ነው ብሎም ተረጎመው። ትርጓሜው ከዘመኑ ጋር አልፏል። ቀኑና ቦታው በጥንቃቄ መጻፋቸው ግን ኋላ እንደምናየው ታላቅ ሥራ ሠራ።

ኮከቡ በታየ በ12ኛው ቀን የሮማ መልእክተኞች በቁስጥንጥንያ በቅድስት ሶፍያ መሠዊያ ላይ የውግዘት ደብዳቤ አኖሩ። ስለዚያ የሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ጠብ አውሮፓውያን ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ኮከቡ ግን ሁሉም የሚስማሙበት የአውሮፓ ምስክር እስከ ዛሬ አልተገኘም። የባግዳዱ ሐኪም ኢብን ቡጥላን ግን የዚያን ዓመት ኮከብ ከቸነፈር ጋር አያይዞ ጻፈ። ኮከቡም እየደበዘዘ ሄዶ በሚያዝያ ወር 1048 ዓመተ ምሕረት ከዓይን ተሰወረ።

እንግዳ ይባል እንጂ በስፍራው የኖረ ነበር፤ ሰዎች ያዩት ሞቱን ነው። ከእኛ 6,500 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃልና፣ የሞቱ ዜና ካይፈንግ እስኪደርስ ያን ያህል ዘመን በመንገድ ቆየ።

የታላላቅ ከዋክብት አሟሟትም እንዲህ ነው። ከፀሐያችን ስምንት እጥፍና ከዚያ በላይ የሚከብድ ኮከብ ሃይድሮጅኑን ወደ ሂሊየም እየለወጠ ይኖራል፤ ከዚያ የሚወጣው ኃይል የገዛ ክብደቱን ይሸከምለታል። በመካከሉ ያለው ሃይድሮጅን ሲያልቅ ሂሊየሙን፣ ቀጥሎ ካርቦኑን፣ ኒዮኑን፣ ኦክስጅኑን፣ በመጨረሻም ሲሊኮኑን ያነድዳል። ማገዶው በተለወጠ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። ከፀሐይ 25 እጥፍ በሚከብደው ኮከብ ሃይድሮጅኑ ለሰባት ሚሊዮን ዓመት ያህል ሲበቃ፣ ሲሊኮኑ የሚበቃው ለአንድ ቀን ያህል ብቻ ነው። ከሲሊኮኑ ብረት ይወጣል፤ ብረት ግን ቢዋሐድ ኃይል አይሰጥም። ያን ጊዜ ምድርን የሚያህለው የኮከቡ እምብርት ደጋፊ አጥቶ አንድ ሴኮንድ ሳይሞላ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ኤሌክትሮንና ፕሮቶን ተጨፍልቀው ኒውትሮን ይሆናሉ። ኒውትሪኖ የተባሉት ረቂቃን ከኃይሉ 99 ከመቶውን ይዘው ይወጣሉ፤ በተረፈው በጥቂቱ ከእምብርቱ በቀር የኮከቡ አካል ሁሉ ወደ ውጭ ይበተናል። ሊቃውንት ይህን ሱፐርኖቫ ይሉታል። የሠውሩ ኮከብ ክብደቱ ከዝቅተኞቹ ወገን ነበርና ብረት ሳይሠራ ሳይወድቅ አይቀርም የሚሉም አሉ።

እንግዳው ኮከብ ከተሰወረ በኋላ ነገሩ ለብዙ ዘመን ተረሳ። በ1731 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ጆን ቤቪስ በዚያው ስፍራ ደብዛዛ ደመና አየ። በ1758 ፈረንሳዊው ሻርል ሜሲዬ ጭራ ያለ ኮከብ ሲከታተል ያንኑ ደመና አገኘና የመዝገቡ መጀመሪያ አደረገው። በአየርላንድ የነበረው ሎርድ ሮስም በቴሌስኮፑ አይቶ ሥዕሉን ቢያወጣ ሸርጣን መሰለ፤ ስሙም ሸርጣን ሆኖ ቀረ። በ1921 ደመናው እየሰፋ መሆኑ ታወቀ፤ በ1928 የከዋክብት ሊቁ ኤድዊን ሃብል የመስፋቱን ፍጥነት ወደ ኋላ ቆጥሮ ወደ 900 ዓመት ደረሰ።

በ1942፣ ሆላንድ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች፣ የላይደኑ የቻይና ቋንቋ ሊቅ ዱይቬንዳክ የጥንቱን መዝገብ ተረጎመ፤ የከዋክብት ሊቃውንቱ ያን ኦርትና ኒኮላስ ሜዮልም ከደመናው ልክ ጋር አስተያዩት። እንግዳው ኮከብና ሸርጣኑ አንድ መሆናቸው ያን ጊዜ ጸና። ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔ አብልጬ የማከብረው ይህን ነው፤ ሱፐርኖቫ ምን እንደሆነ ያላወቁ ጸሐፍት ያዩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ስላኖሩ፣ ከ888 ዓመት በኋላ የመጡት የኮከቡ ሞት የታየበትን ቀን አገኙ።

የቀረው የወራሹ ነገር ነበር። የከዋክብት ሊቃውንቱ ባዴና ዝዊኪ በ1934 ሱፐርኖቫ የኒውትሮን ኮከብ ትቶ ያልፋል ብለው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ማስረጃ አልነበራቸውም። በ1968 በሸርጣኑ መካከል በሴኮንድ 30 ጊዜ ያህል የሚመታ የራዲዮ ምንጭ ተገኘ። ይኸውም ከፀሐያችን በላይ የሚከብድ፣ ስፋቱ ግን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ፣ እየዞረ የሚመታ፣ ፐልሳር የሚባል የኒውትሮን ኮከብ ነው። ከሠውሩ ኮከብ እጅግ የገዘፉ ከዋክብት ሲሞቱ ግን ጥቁር ጉድጓድ ይተዋሉ። የፐልሳሩ መዞር በየቀኑ በጥቂቱ ይዘገያል፤ የሚያጣው ኃይልም ደመናውን እስከ ዛሬ ያበራል። ደመናው በሴኮንድ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል እየሰፋ ይሄዳል።

ትንሽ ቴሌስኮፕ ያላችሁ በታኅሣሥና በጥር፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ከሠውር ደቡባዊ ቀንድ ጫፍ አጠገብ ፈልጉት።