ከገበሬ ጎተራ የወጣ ጋሻ

አብዛኞቻችን የገበሬ ልጆች ነን። ዋግ የመታው ማሳ ምን እንደሚመስል ለማወቅ መጽሐፍ ማገላበጥ አያሻንም። ትናንት ያማረው አዝመራ የዛገ ብረት ይመስላል፤ በመካከሉ ያለፈ ሰው ልብሱ ቀይ አቧራ ይይዛል። ብዙዎች የሰማይ ቁጣ ይሉታል። ነገር ግን ዋግም ሆነ ሌላው የእህል ሻጋታ በነፋስ የሚጓዝ ፈንገስ ነው። ይህን ጠላት የሚመክት ኃይል ከዘሩ ውስጥ ይገኛል። የዚህም ታሪክ እኛን በቅርብ ይመለከተናል።

እ.ኤ.አ. በ1937 እና በ1938 አገራችን በፋሺስት ኢጣሊያ ተይዛ ሳለ፣ የጀርመን ተመራማሪዎች ከገበሬው የገብስ ዘር ሰብስበው ወደ አገራቸው ወሰዱ። በአውሮፓ ገብስን ክፉኛ የሚጎዳው፣ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚያስመስለው ነጭ ሻጋታ ነው። ከተወሰደው ዘር መካከል ይህ ሻጋታ ያልደፈረው ገብስ ተገኘ።

ምስጢሩ ምን ነበር? አብዛኛው የበሽታ መከላከያ ጂን እንደ ዘበኛ ነው፤ የሚያውቀውን ጠላት ሲያይ ይነሣል። ጠላት መልኩን ሲለውጥ ግን ዘበኛው ስለማይለየው ጥበቃው ይፈርሳል። የእኛው ገብስ መንገድ ሌላ ነው። ገብስ ሻጋታው ወደ ቅጠሉ ዘልቆ እንዲገባ የሚያመቻች አንድ ጂን አለው። በዚያ ዘር ውስጥ ይህ ጂን በሚገባ ስለማይሠራ ሻጋታው ከደጅ ይቀራል። ጉድለቱ ጋሻ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ጋሻ የያዘው «አተም» የተባለ ገብስ እ.ኤ.አ. በ1979 ለአውሮፓ ገበሬዎች ቀረበ። ከዚያ በኋላ የቢራ ብቅል የሚሠራባቸው በርካታ የገብስ ዝርያዎች ይህንኑ ወረሱ፤ ከ40 ዓመት በላይም ጸንቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ደግሞ፣ ለውጡ የተፈጠረው ገብስ ከዱር ወጥቶ በሰው እጅ መዘራት ከጀመረ በኋላ መሆኑን አሳየ። እንግዲህ ጋሻው ያደገው በአራሽ ማሳ ላይ ነው።

ገበሬያችን በአንድ ማሳ ልዩ ልዩ ገብስ ቀላቅሎ ሲዘራ ኖሯል። አንዱን በሽታ ቢመታው ሌላው ይተርፋል። ያ ጉደለኛ ዘር ሳይጣል የቆየው በዚህ ልማድ ሊሆን ይችላል።

የዚህን ተቃራኒ በስንዴያችን አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በሰፊው ይዘራ የነበረውን «ኩብሳ» የተባለ ስንዴ መታ። ገበሬው ቢጫውን ዋግ ወደሚቋቋመው ወደ «ዲገሉ» ዞረ። በ2013 ደግሞ በባሌና በአርሲ የግንድ ዋግ ዲገሉን አጠቃ፤ አንዳንዱ ማሳ ጨርሶ ምርት ሳይሰጥ ቀረ። የተሻሻለ ዘር ይጠቅማል፤ አገር ሙሉ በአንድ ዘር መታመን ግን በአንድ ምሰሶ ቤት እንደ ማቆም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን መንግሥት እርዳታ አዲስ አበባ ላይ የዘር ማቆያ ማእከል ተቋቁሟል። ይሁንና ማቆያው የዘሩን ፍሬ እንጂ የአራሹን እውቀት ሁሉ አይዝም። ጥቁር ገብስ፣ ነጭ ገብስ፣ ሰነፍ ቆሎ፤ የትኛው ለደጋ፣ የትኛው ለቆሎ፣ የትኛው ለጠላ? ይህን የሚያውቁ አባቶችና እናቶች በዚህ መጠለያ ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ግን የአንዱን ስም እንኳ አያውቁም። ዘሩን ይዘን አልወጣንም፤ እውቀቱ ግን አብሮን ወጥቷል። አዛውንቱ ሳያልፉ እንጠይቃቸው፤ ልጆቻችንም ይጻፉት።